ሞተር ሲነሳ አንደኛና የኋላ ማርሽ አልገባም ይላል፤ ካምቢዮ ላስወርድ?

መንገደኛዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

መኪናዋ የቤት መኪና ናት። ማንዋል፣ ባለ 5 ማርሽ፣ በፊት ጎማ የምትነዳ። ጠዋት ስትነሳ ምንም አይላትም። ተነድታ ሞቅ ስትል፣ በተለይ መንገድ ተጨናንቆ ቆም ሄድ ሲበዛ፣ አንደኛ ማርሽ አልገባም ይላል። ገፋ ሳደርገው በግድ ይገባል። የኋላ ማርሽ ደግሞ ከርርር ብሎ ይጮሃል። የሚገርመው ሞተሩን ሳጠፋው ሁሉም ማርሽ ሰተት ብሎ ይገባል።

ያየልኝ መካኒክ "ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይውረድ፣ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚያለያየው) ከነሙሉ ዕቃው ይቀየር፣ የማርሽ ጥርሶቹም ተበልተው ይሆናል" አለኝ። ከባድ ሥራ ስለሆነ እሺ ከማለቴ በፊት እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው።

ቢጫ መብራት

ፍሪሲዮኑ አልቋል። ቀይሪውና ተገላገይ። የእኔም ማርሽ እምቢ ይለኝ ነበር፣ ሲቀየር ተስተካከለ።

ቮላኖ

ወንድሜ ቢጫ መብራት፣ አለቀ ከማለታችን በፊት ትንሽ እንጠይቃት። ያለቀ ፍሪሲዮን ምልክቱ ሌላ ነው። ነዳጅ ስትሰጠው ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይፈጥንም። ዳገት ላይ ይብስበታል፣ የተቃጠለ ሽታም ያመጣል። እሷ ይህን አላነሳችም።

እህቴ፣ ፔዳሉ እንዴት ነው? ለስልሷል? መኪናው መነሳት የሚጀምረው ፔዳሉን ከወለል ትንሽ እንዳነሳሽ ነው ወይስ ወደ ላይ ሲደርስ? ፔዳሉ የሚሠራው በኬብል ነው በዘይት?

ሽማግሌው መካኒክ

ልጄ፣ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። "ሞተሩን ሳጠፋው ሰተት ብሎ ይገባል" ያልሽው ትልቁ ምልክት ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ፣ ሌሎችም ይጠቀሙበታል።

ፍሪሲዮን ሥራው ሁለት ነው፤ መያዝና መልቀቅ። አልይዝ ካለ ያንሸራትታል፣ ቮላኖ የነገረሽ ነው። አልለቅ ካለ ግን ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጠሽውም ዲስኩ ከሞተሩ ጋር መዞሩን አይተውም። ዲስኩ ከዞረ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ይዞራል። መኪናው ቆሞ ዘንጉ እየዞረ ማርሽ ለማስገባት ስትሞክሪ ወይ እምቢ ይላል ወይ ይጮሃል። ሞተሩ ሲጠፋ የሚዞር ነገር የለም፣ ስለዚህ ይገባል።

ሞተር ጠፍቶም ማርሹ እምቢ ቢል ኖሮ ነገሩ ይለወጥ ነበር። ያኔ ወደ ማርሽ ዘንጉ፣ ወደ ማርሽ ገመዶቹ ወይም ወደ ካምቢዮው ውስጥ ነው የምንሄደው። ያንቺ ወደዚያ አያደርስም። የማርሽ ጥርስ ተበላ የሚለውን ለጊዜው ተይው። ጥርስ ቢበላማ ሞተር ሲጠፋ የሚድንበት፣ ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት የሚታመምበት ምክንያት የለም።

ፍሪሲዮኑ አለመልቀቁን ለማረጋገጥ ሜዳ ላይ፣ ፊትሽ ባዶ በሆነ ቦታ አቁሚ። ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጪው) ተይው። ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ርገጪና አራት አምስት ሰከንድ ታገሺ። ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገቢ። የኋላ ማርሽን የመረጥኩት በብዙ መኪኖች ሲንክሮናይዘር (ፍጥነት የሚያስተካክል ቀለበት) ስለሌለው ነው፤ የሚያባብለው የለምና እውነቱን ይናገራል። ፍሪሲዮኑ በትክክል ከለቀቀ በዚያች ጊዜ ውስጥ ዘንጉ ቆሞ ማርሹ ዝም ብሎ ይገባል። ከጮኸ አልለቀቀም።

ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ሞተሩን አጥፍቶ አንደኛ ማስገባት፣ የእጅ ፍሬን መያዝ፣ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጦ ማስነሳት ነው። ሲነሳ ወደ ፊት ጎተት ካደረገ አልለቀቀም። ይህንን የምትሞክሪው ፊትሽ ሰውም ግድግዳም ከሌለ ብቻ ነው።

ሁለቱንም ሞክሪ፤ አንዴ ቀዝቅዞ እያለ፣ አንዴ ከሞቀ በኋላ። የቮላኖንም ጥያቄ መልሺ።

የጭነት ሹፌር

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ከሁሉ በፊት እግርሽ ሥር እዪ። የወለሉ ምንጣፍ ተንሸራቶ ፔዳሉ ሥር ገብቶ ከሆነ ፔዳሉ መጨረሻው ድረስ አይደርስም። ወንበሩም ወደ ኋላ ሸሽቶ ከሆነ እንደዚያው ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ካምቢዮ አስወርዷል።

ተራራ ወጪ

ይቅርታ፣ የሰው ጥያቄ መሃል መግባቴ ነው። ቮላኖ ያለው ማንሸራተት የእኔን ይመስላል። በ4ኛ ማርሽ ዳገት ስወጣ ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነት ግን የለም። ፔዳሉም በጣም ወደ ላይ ሲደርስ ነው የሚይዘው። አለቀ ማለት ነው?

ቮላኖ

ተራራ ወጪ፣ ያለቀ ይመስላል። ግን ኬብል ያለው መኪና ከሆነ መጀመሪያ ኬብሉ በጣም ተወጥሮ እንደሆነ እይ። ፔዳሉን በእጅህ ስትጫነው ከላይ ትንሽ ባዶ እንቅስቃሴ ሊኖረው ይገባል። ምንም ከሌለው ሁልጊዜ ግማሽ እንደተረገጠ ስለሚቆይ ያንሸራትታል፤ አስተካክለው። እሱ ደህና ከሆነ ወይ ዲስኩ ሳስቷል ወይ ዘይት ነክቶታል። ዘይት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሞተሩ የኋላ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያመልጥ የሚይዘው ጎማ) ወይም ከካምቢዮው የፊት ጎሚኒ ነው። ዲስክ ብቻ ቀይረህ የሚያፈሰውን ጎሚኒ ብትተወው አዲሱም ይበላሻል።

ለማረጋገጥ ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ 4ኛ አስገባ፣ ትንሽ ነዳጅ እየሰጠህ ፔዳሉን ቀስ ብለህ ልቀቅ። ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ይጠፋል። ሳይጠፋ መጮሁን ከቀጠለ እያንሸራተተ ነው። አንዴ ይበቃል፤ ከደጋገምከው ራስህ ታቃጥለዋለህ።

መንገደኛዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያላችሁኝን ሞክሬ መጣሁ።

ምንጣፉ ደህና ነው፣ ወንበሩም ቅርብ ነው። ፔዳሉ በዘይት ነው የሚሠራው፤ ከፍሬኑ ጋር አንድ የዘይት ዕቃ ነው የሚጋሩት። ዘይቱ ግን አልጎደለም፤ መስመሩ ላይ ነው።

ቀዝቅዞ እያለ የኋላ ማርሽ ያለ ድምፅ ገባ። ከሞቀ በኋላ ጮኸ። ሁለተኛውን ስሞክር ደግሞ ወደ ፊት ጎተት አደረገኝ።

አንድ ሌላ ነገር አስተዋልኩ። መብራት ላይ አንደኛ አስገብቼ ፔዳሉን እንደረገጥኩ ስጠብቅ፣ ትንሽ ቆይቶ መኪናው ራሱ መንፏቀቅ ይጀምራል። ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ስረግጠው ደግሞ ለጊዜው ይሻለዋል፣ ማርሹም ይገባል። መያዝ የሚጀምረው ከወለሉ ትንሽ ከፍ እንዳለ ነው።

ሽማግሌው መካኒክ

ጎሽ። በጣም ጥሩ አድርገሽ አይተሽዋል።

ረግጠሽ እንደያዝሽው መኪናው መንፏቀቅ ከጀመረ፣ በመጀመሪያ ለቅቆ ነበር ማለት ነው፤ ከዚያ ግፊቱ እየወረደ መልሶ ያዘ። የታጠፈ ዲስክ እንዲህ አያደርግም። የተሰበረ ሹካም (ፍሪሲዮኑን ገፍቶ የሚያስለቅቀው ክንድ) እንዲህ አያደርግም። እነሱ ሁልጊዜ ያው ናቸው፤ አይለቁም ካሉ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ነው። ግፊት የሚያመልጠው ከዘይቱ መስመር ነው።

መስመሩ ላይ ሁለት ፓምፕ አለ። ላይኛው ከፔዳሉ ጋር ይያያዛል፣ ታችኛው ካምቢዮው ላይ ሆኖ ሹካውን ይገፋል። መካከላቸው ቱቦ አለ። ከእነዚህ አንዱ ደክሟል፣ ወይም መስመሩ ውስጥ አየር አለ።

ዘይቱ አለመጉደሉ አያታልልሽ። የላይኛው ፓምፕ የውስጥ ጎሚኒ ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ውጭ አይፈስም። በጎሚኒው ጎን አልፎ ወደ ዕቃው ይመለሳል። ሲሞቅ ዘይቱ ስለሚቀጥን ማለፉ ይብሳል። ለዚህ ነው ጠዋት ደህና የሆነችው። ይህንን ከአየር የምትለዪበት መንገድ አለ። አንዴ ፔዳሉን በፍጥነት ረግጠሽ ማርሽ አስገቢ፤ ሌላ ጊዜ በጣም ቀስ አድርገሽ ረግጠሽ አስገቢ። ቀስ ስትዪ የባሰ እምቢ ካለ ዘይቱ በጎን እያለፈ ነው፤ ጊዜ አገኘ ማለት ነው። አየር ከሆነ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሆናል፣ ፍጥነቱም ያን ያህል ለውጥ አያመጣም።

የመጨረሻው ማረጋገጫ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሞተሩ ይጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማው ሥር ታኮ ይደረግ። ታችኛው ፓምፕ ከላይ የማይታይ ሆኖ መኪናው መነሳት ካለበት በክሪክ ብቻ ተነስቶ ማንም ሥሩ አይግባ፤ የብረት መቆሚያ ይደረግለት። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይያዝ፣ ሌላው የታችኛውን ፓምፕ ዘንግ ይይ። ምን ያህል እንደወጣ በማስመሪያ ለኩና ፔዳሉ እንደተረገጠ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ዘንጉ ቀስ እያለ ከተመለሰ ግፊቱ እያመለጠ ነው። በብዙ መኪኖች ዘንጉ ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ይገፋል፤ ትክክለኛውን ልክ የመኪናው መጽሐፍ ይነግርሻል።

ቢጫ መብራት

ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ ፓምፑን ቀይራ ካልዳነስ? መጨረሻው ካምቢዮ ማውረድ ከሆነ አንዴውኑ ሁሉንም መቀየር አይሻልም?

ሽማግሌው መካኒክ

ልጄ፣ የላይኛውን ፓምፕ ለመቀየር ካምቢዮ አይነካም። ከውጭ ነው። ካምቢዮ ስታወርድ ግን የማርሽ ገመድ ትፈታለህ፣ የጎማ ዘንግ ትነቅላለህ፣ የሞተር መያዣ ትፈታለህ፤ ሁሉንም ደግሞ መልሰህ ማሰር አለብህ። ሲመለስ የካምቢዮው ክብደት ዲስኩ ላይ ቢንጠለጠል አዲሱን ዲስክ ያጣምመዋል። ዲስኩ ተገልብጦ ቢገባም አይለቅም። አዲስ ፍሪሲዮን ገብቶለት "አሁንም ማርሽ አይገባም" የሚል መኪና በዚህ ምክንያት ብዙ ነው። እና ደግሞ የደከመው ፓምፕ እዚያው ስላለ ሁሉም ነገር ተቀይሮ ችግሩ ይቀጥላል። የእሷ ፍሪሲዮን አያንሸራትትም። ለምን ይወርዳል?

ልዩነት ያለው አንድ ቦታ ነው። አንዳንድ መኪና ላይ የታችኛው ፓምፕ ከፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ (ሲረገጥ ፍሪሲዮኑን ከሚገፋው) ጋር አንድ ሆኖ ካምቢዮው ውስጥ ይቀመጣል። እሱ ካፈሰሰ ከማውረድ ሌላ መንገድ የለም፤ ከወረደ ደግሞ ዲስኩን፣ ፕሬዠር ፕሌቱን (ዲስኩን የሚጫነውን) እና ኩሽኔታውን አብሮ መቀየር ነው። የመንገደኛዋ የትኛው እንደሆነ እስካሁን አልነገረችንም።

የጭነት ሹፌር

ጋሼ፣ ቱቦውንም አይርሱት። የጎማ ቱቦ ሲያረጅ ፔዳሉ ሲረገጥ እንደ ፊኛ ያብጣል። ግፊቱ ታችኛው ፓምፕ ከመድረሱ በፊት ማበጡ ላይ ያልቃል። አንዱ ሲረግጥ ሌላው ቱቦውን በእጁ ቢይዘው ያውቀዋል።

ድምፅ ሰሚ

እኔም ልጠይቅ። ዜሮ ማርሽ ላይ ሆኜ ፔዳሉን ሳልረግጥ የሚያጉረመርም ድምፅ አለ። ስረግጠው ይጠፋል። ማርሽ ግን ሁሉም በደንብ ይገባል። የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው ብለውኛል።

ቮላኖ

ድምፅ ሰሚ፣ ተቃራኒው ይመስለኛል። የፍሪሲዮን ኩሽኔታ የሚጮኸው በአብዛኛው ስትረግጠው ነው፤ ጭነት የሚያርፍበት ያኔ ነውና። ስትረግጥ የሚጠፋ ድምፅ ከካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው የሚጠረጠረው፤ ስትረግጥ ዘንጉ ስለሚቆም ዝም ይላል። መጀመሪያ የካምቢዮ ዘይቱ መጠን ይታይ። ጎድሎ ከሆነ ምክንያቱ እዚያው ሊሆን ይችላል። ባለ ሁለት ቁራጭ ቮላኖ (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው፣ ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት ከባድ ብረት) ያለው መኪና ከሆነ እሱም ሚኒሞ ላይ ይንኳኳል፤ ያ ግን ሞተር ስታጠፋ ይበልጥ ይሰማል።

መንገደኛዋ

ተመልሻለሁ። ከወንድሜ ጋር ሆነን አየነው።

ታችኛው ፓምፕ ከውጭ ነው፤ የአየር ማጣሪያው ዕቃ ሲነሳ ከላይ ይታያል። ደረቅ ነው፣ ዘይት የለበትም። ወንድሜ ፔዳሉን ሲረግጥ ዘንጉ ጥሩ አድርጎ ወጣ። ከዚያ ጠበቅን። ቀስ እያለ ተመለሰ! ፔዳሉ ወለሉ ላይ እንዳለ ዘንጉ ግማሽ ያህሉን ተመለሰ። ቱቦውን ይዤው ነበር፣ ብዙ አላበጠም። ቀስ አድርጎ ሲረግጠው ደግሞ ዘንጉ ከናካቴው ብዙ አልወጣም። ጋሼ እንዳሉት ነው።

የላይኛውን ፓምፕ አዘዝኩ። ሲቀየር ምን ላስጠነቅቅ?

ሽማግሌው መካኒክ

እንግዲህ ተገኘ። 

ዘይቱ በመጽሐፉ የተጻፈው ይሁን፤ ዶት 3 ወይም ዶት 4፣ ያልተከፈተ ጣሳ። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ተከፍቶ የቆየ አይደረግ። ቀለም ስለሚያበላሽ ቦዲው ላይ ከፈሰሰ ቶሎ በውኃ ይታጠብ። ከፍሬኑ ጋር አንድ ዕቃ ስለሚጋሩ፣ ሥራው ሲያልቅ ፍሬኑ ራሱ ይፈተሽ፤ ፔዳሉ ጠንካራ መሆኑን ሳታዪ አትንጂ።

አየር ሲወጣ ትዕግሥት ይፈልጋል። በታችኛው ፓምፕ ላይ የአየር ማስወጫ ብሎን አለ። አንዱ ይረግጣል፣ ሌላው ብሎኑን ይከፍታል፤ አረፋው ይወጣል፤ ፔዳሉ ሳይለቀቅ ይዘጋል። መጀመሪያ ላይ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ሊቀር ይችላል፣ በእጅ ይነሳል። ዕቃው ውስጥ ዘይት እንዳያልቅ፤ ካለቀ አየር ይገባና ከመጀመሪያው ይጀመራል።

ዕቃውን አፉ ድረስ አትሙሉት። ዲስኩ እያለቀ ሲሄድ የታችኛው ፓምፕ ፒስተን ወደ ኋላ ስለሚገፋ ዘይቱ በጊዜ ብዛት ወደ ላይ ይመለሳል። ቦታ ይፈልጋል።

የወጣውን ዘይትም እዪው። ጥቁር ከሆነና የጎማ ፍርፋሪ ካለበት ታችኛው ፓምፕም በእድሜ እኩያው ስለሆነ አብሮ ቢቀየር ይሻላል። ግፊት ሲመለስለት ደካማው እሱ ይሆናል።

መንገደኛዋ

ተቀየረ! ዘይቱ ጥቁር ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱም ፓምፖች ተቀየሩ። አሁን ሞቃ እያለችም አንደኛና የኋላ ማርሽ ያለ ድምፅ ይገባሉ። መብራት ላይ አትንፏቀቅም። ካምቢዮው አልተነካም። ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም።

አንድ ነገር ቀረ። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ከ3ኛ ወደ 2ኛ ስመልስ ቅጭጭ የሚል ድምፅ አለ። ሲሞቅ ይጠፋል። ከድሮውም የነበረ ይመስለኛል፤ በሌላው ችግር ተሸፍኖ ነው ያላስተዋልኩት። ፓምፑ በትክክል አልሠራም ማለት ነው?

ቮላኖ

አይደለም፣ ፓምፑን ተይው። ፍሪሲዮን ካልለቀቀ የሚጣላው ከሁሉም ማርሽ ጋር ነው። አንድ ማርሽ ብቻ ከጮኸ የዚያ ማርሽ ሲንክሮናይዘር ነው። ሲንክሮናይዘር ማርሹ ከመግባቱ በፊት የሁለቱን ፍጥነት የሚያስተካክል ቀለበት ነው። 2ኛ ማርሽ ብዙ ስለሚሠራ ቶሎ ይደክማል። የካምቢዮ ዘይቱን በወፍራም ቀይሪው፣ ድምፁ ይቀንሳል።

የጭነት ሹፌር

ቮላኖ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ወፍራም ዘይት ጠዋት ጠዋት ያብሰዋል። ቀለበቱ ዘይቱን ገፍቶ ነው ብረቱን የሚይዘው፤ ዘይቱ ወፍራም ሲሆን ለመግፋት ጊዜ ይወስድበታል። እሷ እኮ የምትለው ሲቀዘቅዝ ነው የሚጮኸው፣ ሲሞቅ ይጠፋል ነው።

ሽማግሌው መካኒክ

የጭነት ሹፌሩ ልክ ነው። ወፍራም አታድርጊ። መጽሐፉ 75ደብሊው-80 ካለ 75ደብሊው-80 ይሁን። ደረጃውንም እዪ። ጂኤል-4 ለሚለው ካምቢዮ ጂኤል-5 አይደረግም። ቁጥሩ ስለበለጠ የተሻለ የሚመስላቸው አሉ። ጂኤል-5 ለዲፈረንሻል ጥርስ የሚሆን ብዙ የሰልፈር ቅመም አለው፤ አንዳንዱ የነሐሱን ቀለበት ይበላል፣ ቀለበቱም እንዳይዝ ያንሸራትተዋል። መጽሐፉ ራሱ ጂኤል-5 ካለ ብቻ ነው የሚደረገው።

ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ ከሆነ አስቀይሪው። ሲፈስ ማግኔቱ ያለበትን ብሎን አሳዩኝ በይ። ደቃቅ ግራጫ ዝቃጭ የተለመደ ነው። በጣት የሚያዝ ቁርጥራጭ ብረት ካለ ግን ካምቢዮው መከፈት አለበት። የነሐስ ብልጭታ ከበዛ ቀለበቱ እያለቀ ነው፤ አሁኑኑ አያስቆምሽም።

እስከዚያው ጠዋት ከ3ኛ ወደ 2ኛ ስትመልሺ ፍጥነቱን በፍሬን ቀንሺ፣ ዜሮ ላይ አንድ አፍታ ያዝ አድርጊና ሳትጫኚው አስገቢ። ማርሹ ከገባ በኋላ ራሱ እየዘለለ መውጣት ከጀመረ ወይም ድምፁ ሲሞቅም ከመጣ ተመልሰሽ ጻፊልን።

መንገደኛዋ

እሺ ጋሼ። መጽሐፉ ላይ አየሁ፤ 75ደብሊው-80፣ ጂኤል-4 ነው የሚለው። ዘይቱ ሲቀየር ማግኔቱን ፎቶ አንስቼ እዚሁ እለጥፋለሁ።

ተራራ ወጪ

የእኔ ኬብል ነው፣ ባዶ እንቅስቃሴም አለው። በ4ኛ ሞከርኩት፤ ሞተሩ አልጠፋም። እንግዲህ የእኔው ካምቢዮ ነው የሚወርደው። ሲወርድ የሞተሩን የኋላ ጎሚኒ አሳያለሁ።